ለሞተር ሳይክል ሻንሲ ቱቦ ስለ መምረጥ፥ ስለ መቍረጥና ስለ ማጋጠም

ብረታ ብረት የሚሸጥ ነጋዴና ብረታ ብረት የሚሠራ ባለሞያ አንዱን ዕቃ በመካከላቸው አስቀምጠው በሁለት ቋንቋ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ ይታያል። ነጋዴው «የአንድ ኢንች ቧንቧ» ይላል፤ ባለሞያው ግን በልቡ የያዘው ሌላ ነው። ነገሩ ለውሃ መሥመር ወይም ለአጥር ሥራ የሆነ እንደ ሆነ፥ ከዚህ አለመግባባት የሚመጣው ጕዳት የገንዘብ ብቻ ነው። ሰው ተቀምጦበት በመንገድ ላይ ለሚሮጥ ነገር የሆነ እንደ ሆነ ግን ጕዳቱ ከሕይወት ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን፥ በፋብሪካ ተሠርቶ ስለሚመጣው ሳይሆን ለአንድ ሰው ቁመትና ለአንድ ሥራ ጠባይ ተለክቶ በእጅ ስለሚሠራው የሞተር ሳይክል ሻንሲ እንናገራለን። ቱቦው እንዴት እንደሚመረጥ፥ እንዴት እንደሚጎብጥ፥ አፉ እንዴት እንደሚቈረጥና እንዴት እንደሚገጥም በተቻለ መጠን እናስረዳለን። ይህን የምጽፈው እኔ በያጅ አይደለሁም፤ የነጋዴ ጸሓፊ ነኝ። ይሁን እንጂ ነገሩን ለማወቅ ያስገደደኝ የገዛ ራሴ ስሕተት ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ እርሱን እናገራለሁ።

1. የአንድ ማዘዣ ታሪክ

በ2009 ዓ.ም. ወደምሠራበት መደብር አንድ ወጣት ባለ ጋራዥ መጣ። የእርሱ ደንበኛ አንድ ጕልበቱ በአደጋ ምክንያት የማይታጠፍ ሰው ነበረና፥ በገበያ በሚገኘው ሞተር ሳይክል ላይ ደኅና አድርጎ ለመቀመጥ አይችልም ነበር። ወጣቱም መቀመጫው ዝቅ ያለ፥ የእግር መርገጫው ወደ ፊት የተገፋ አዲስ ሻንሲ ሊሠራለት ተስማማ። ከእኛ የጠየቀው የውጭ ዲያሜትሩ 25.4 ሚሊሜትር፥ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊሜትር የሆነ ስፌት የሌለው ቱቦ ነበር።

እኔም 25.4 ሚሊሜትር ማለት አንድ ኢንች መሆኑን ከትምህርት ቤት ዐውቅ ስለ ነበር፥ ነገሩን ያሳጠርሁ መስሎኝ በማዘዣው ደብዳቤ ላይ «የ1 ኢንች ቧንቧ» ብዬ ጻፍሁ። ከሁለት ወር በኋላ የመጣው ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ ሆነ። የውጭ ዲያሜትሩ ሲለካ 33.4 ሚሊሜትር ነበር። ላኪው አላጭበረበረንም፤ የተጻፈለትን ላከ።

ወጣቱ ለደንበኛው ቀን ቈርጦ ቃል ገብቶ ስለ ነበረ፥ በዚያም ሰሞን ሌላ ስላላገኘ፥ ያንኑ በቅናሽ ዋጋ ወሰደ። ዚንኩን በእሳት አቃጠለ፤ ቧንቧውን በውሃ ሠራተኞች ማጕበጫ አጐበጠ፤ አፉን በዐይን ግምት በግራይንደር ቈረጠ፤ ያልገጠመውንም ክፍተት በብየዳ ሞላው። ሥራው በቀለም ሲሸፈን መልካም መስሎ ታየ። ከአራት ወር በኋላ ግን ደንበኛው ሞተር ሳይክሉን ሲያጥብ፥ ከመሪው አንገት በታች የዝገት መልክ ያለው ቀጭን መሥመር አየና ወደ ጋራዡ ወሰደው። ቀለሙ በተፋቀ ጊዜ ስንጥቁ የቱቦውን ዙሪያ ግማሽ ያህል መሄዱ ታወቀ። ሰውየው በዚያው ሳምንት ወደ ደብረ ብርሃን ሊሄድበት አስቦ ነበር።

ወጣቱ የተሰነጠቀውን መጋጠሚያ ቈርጦ አመጣና ከጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ጋሼ፥ ብየዳውን አይመልከቱ፤ ከብየዳው ሥር ያለውን ይመልከቱ» አለኝ። ብመለከት፥ የአንዱ ቱቦ አፍ ከሌላው ጀርባ ላይ አልደረሰም ነበር፤ በመካከላቸው እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረ። አሠሪዬም ምንም ሳይቈጡኝ፥ «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለው የኪሳራውን ግማሽ ከፈሉለት። ያ ቍራጭ ብረት እስከ ዛሬ ድረስ በጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት መጫኛ ሆኖ ይኖራል።

2. ቱቦና ቧንቧ ስላላቸው ልዩነት

ቧንቧ ውሃን፥ ጋዝንና ይህን የመሰለውን ለማሳለፍ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ስሙን የሚያገኘው ከውስጥ ክፍቱ ግምት ነው። ስለዚህ የግማሽ ኢንች ቧንቧ የውጭ ዲያሜትሩ 21.3 ሚሊሜትር፥ የሦስት አራተኛ ኢንቹ 26.7 ሚሊሜትር፥ የአንድ ኢንቹም 33.4 ሚሊሜትር ነው። የሻንሲ ቱቦ ግን ሸክም ለመሸከም የተሠራ ስለ ሆነ፥ የሚጠራው በውጭ ዲያሜትሩና በግድግዳው ውፍረት ነው። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ያልያዘ ማዘዣ ሁሉ ጐዶሎ ነው።

ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ደግሞ ሌላ ጠንቅ አለው። በብየዳ እሳት ጊዜ ዚንኩ ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ያን ጢስ የተነፈሰ ሠራተኛ ማታውን በብርድና በትኵሳት ይንቀጠቀጣል። ብየዳውም በውስጡ አረፋ ይይዛል። ዚንኩን አስቀድሞ በእሳት ማቃጠል ጢሱን ያበዛዋል እንጂ ነገሩን አያድነውም።

ስለ ስፌት የሚባለው ነገርም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ስፌት የሌለው ቱቦ ከድፍን ብረት ተበስቶ የተሳበ ነው። ስፌት ያለው ደግሞ ከላሜራ ተጠቅልሎ የተበየደ ነው። ከዚህ ከሁለተኛው ወገን አንዳንዱ ከተበየደ በኋላ በውስጡ የብረት እንብርት ገብቶለት እንደገና ስለሚሳብ፥ ልኩ የተስተካከለ፥ ስፌቱም የማይለይ ይሆናል፤ ይህ ዐይነት ለሻንሲ ሥራ የተመሰገነ ነው። ስፌቱ የሚታየውን ቱቦ ማጕበጥ ግድ የሆነ እንደ ሆነ፥ ስፌቱ ከጕብጠቱ ውጭም ከውስጥም ሳይሆን ከጐን እንዲውል ይደረግ፤ በዚያ በኩል ብረቱ ብዙ አይሳብም፥ ብዙም አይጨመቅም።

3. ስለ ብረቱ ዐይነት

ለሻንሲ የሚውለው ብረት በሁለት ወገን ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ካርቦኑ ጥቂት የሆነ ተራ ብረት ነው፤ በቀላሉ ይጎብጣል፥ በቀላሉ ይበየዳል፥ ስሕተትንም ይታገሣል። ሁለተኛው ክሮምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት፥ ባለሞያዎች ክሮሞሊ የሚሉት ነው፤ በጣም የታወቀው 4130 የተባለው ደረጃ ሲሆን፥ ከመቶው 0.8 እስከ 1.1 ክሮም፥ ከ0.15 እስከ 0.25 ሞሊብዲነም፥ 0.3 ያህል ካርቦን ይዟል።

በዚህ ላይ ሻጭም ገዢም የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ክሮሞሊ ከተራው ብረት ይልቅ ብርቱ ነው፤ ይኸውም ሳይጣመምና ሳይሰበር የሚችለው ሸክም ይበልጣል። ነገር ግን ከተራው ብረት ይልቅ ደንዳና አይደለም። በዲያሜትርና በውፍረት አንድ የሆኑ ሁለት ቱቦዎች በአንድ ሸክም ሥር የሚለመጡት እኵል ነው። ስለዚህ ብረቱ ውድ ስለ ሆነ ብቻ ሻንሲው አይወዛወዝም ብሎ ለደንበኛ መንገር እውነት አይደለም። ሻንሲን ደንዳና የሚያደርገው የቱቦው ልክና አቀማመጡ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በታሪክ የታወቀ ሥራ አለ። በ1950፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የእንግሊዙ ኖርተን ኩባንያ የቤልፋስት ሰው ሬክስ ማክካንድለስ ያወጣውን አዲስ ሻንሲ ለእሽቅድምድም አቀረበ። ሻንሲው በግራና በቀኝ ሞተሩን ዙሪያውን የሚያቅፉ ሁለት ቀለበቶች ነበሩት፤ ቱቦዎቹም ከመሪው አንገት ዘንድ እርስ በርሳቸው ይተላለፉ ነበር። የተሠራውም ከ1935 ጀምሮ የሬይኖልድስ ኩባንያ ይሸጠው ከነበረው፥ ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም ከተቀላቀለበት፥ 531 ከተባለው ቱቦ ነበር። በዚያው ዓመት በማን ደሴት በተደረገው ውድድር፥ በ350 ሲሲም በ500 ሲሲም፥ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ቦታ የኖርተን ነጂዎች ያዙት። ሞተሩ ግን አስቀድሞ የታወቀው ባለ አንድ ሲሊንደር ነበር። ከነጂዎቹ አንዱ ሃሮልድ ዳንኤል በላባ ፍራሽ ላይ የመቀመጥ ያህል መሆኑን ስለ ተናገረ፥ ሻንሲው እስከ ዛሬ ድረስ በዚሁ በላባ ፍራሽ ስም ይጠራል። እንግዲህ ሞተሩ ሳይለወጥ ቱቦው በተገቢው መንገድ በመዋሉ ብቻ ምን ያህል ለውጥ እንደ መጣ ልብ ይሏል።

4. ዲያሜትር ይበልጣል ወይስ ውፍረት?

ብዙ ሰው «ወፍራሙን ስጠኝ» ይላል። ነገር ግን ስሌቱ የሚያሳየው ሌላ ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 25.4፥ ግድግዳው 2 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ በሜትር 1.15 ኪሎግራም ይመዝናል። የውጭ ዲያሜትሩ 31.8፥ ግድግዳው 1.6 ሚሊሜትር የሆነ ደግሞ በሜትር 1.19 ኪሎግራም ይመዝናል። የክብደታቸው ልዩነት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነው። ለመለመጥ የሚያሳዩት እምቢታ ሲሰላ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው በመቶ 70 ያህል ይበልጣል። ምክንያቱም ብረቱ ከመካከሉ በራቀ መጠን መለመጥን የሚቃወምበት ኀይል እጅግ ስለሚጨምር ነው።

ይህ ማለት ግን ግድግዳውን እስከ ወደዱት ማሳሳት ይገባል ማለት አይደለም። በጣም የሳሳ ቱቦ በድንጋይ ይጨፈለቃል፤ በብየዳም ጊዜ ይቀዳል። ልምድ የሌለው በያጅ 1.2 ሚሊሜትር በሆነ ግድግዳ ላይ እጁን ከሚፈትን ይልቅ በ2 ሚሊሜትር ቢሠራ፥ ጥቂት ክብደት ጨምሮ ብዙ አደጋ ያስቀራል።

5. ስለ ማጕበጥ

ቱቦ ሲጎብጥ የውጭው ግድግዳ ይሳባል፥ ይሳሳልም፤ የውስጡ ይጨመቃል፤ መካከሉም ክብነቱን ትቶ እንደ እንቍላል ይሆናል። የውሃ ሠራተኞች ማጕበጫ ቅርጹ የተበጀው ለቧንቧ ልክ ስለ ሆነ፥ የ25.4 ወይም የ31.8 ሚሊሜትር ቱቦ በእርሱ ሲጎብጥ ጐኑ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የውጭ ዲያሜትር የራሱ የሆነ ቅርጽ ያለው ማጕበጫ ያስፈልጋል። ይህ በማይገኝበት ጊዜ ተራውን ብረት በደረቅ አሸዋ ሞልቶ፥ ሁለቱን አፍ ደፍኖ፥ በእሳት አግሎ በቀስታ ማጕበጥ የቈየ ዘዴ ነው። አሸዋው ግን አስቀድሞ በምጣድ ላይ ተቈልቶ ፍጹም መድረቅ አለበት። በውስጡ የቀረ ርጥበት እንፋሎት ሆኖ መድፈኛውን እንደ ጥይት ሊያስፈነጥረው ይችላልና።

ርዝመትን አስልቶ መቍረጥም ዕውቀት ይፈልጋል። አንድ ቱቦ በ90 ዲግሪ የሚጎብጥ ቢሆን፥ በሥዕሉም ላይ ከአንዱ ጫፍ እስከ ማዕዘኑ 500፥ ከማዕዘኑ እስከ ሁለተኛው ጫፍ 400 ሚሊሜትር ቢሆን፥ ያልተማረው ሰው 900 ሚሊሜትር ይቈርጣል። ነገር ግን ቱቦው በማዕዘኑ ላይ አይደርስም፤ አቋርጦ ይዞራል። የጕብጠቱ ራዲየስ በቱቦው መካከለኛ መሥመር ሲለካ 100 ሚሊሜትር ቢሆን፥ ከሁለቱም ወገን 100 ይቀነስና 400 እና 300 ይቀራል፤ የሩብ ክቡ ርዝመትም 157 ይጨመርበታል፤ ድምሩ 857 ሚሊሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 43 ሚሊሜትር ነው። በአንድ ሻንሲ ላይ ስምንት ጕብጠት ቢኖር፥ ለብክነት የሚሄደው ብረት ስንት እንደ ሆነ ነጋዴ ያሰላዋል። ከዚህም ሌላ ብረት ከተለቀቀ በኋላ ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፥ ከዚያው ቱቦ በአንድ ቍራጭ ላይ አስቀድሞ ሞክሮ የሚመለስበትን መጠን መመዝገብ ይገባል።

6. ስለ አፉ አቈራረጥ

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የአንድ ቱቦ አፍ በሌላ ቱቦ ጀርባ ላይ የሚቀመጠው ኮርቻ በበቅሎ ጀርባ ላይ እንደሚቀመጥ ነው። ኮርቻው ከጀርባዋ ጋር ያልገጠመ እንደ ሆነ፥ ጭነቱ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ያርፍና በቅሎዋ ትቈስላለች፤ ቍስሉን ከላይ በጨርቅ ቢሸፍኑት አይድንም። ቱቦም እንዲሁ ነው። አፉ ዙሪያውን ካልተቀመጠ ሸክሙ በጥቂት ቦታ ላይ ይከማቻል፤ ክፍተቱን የሞላው የብየዳ ብረትም ሲቀዘቅዝ ስለሚኰማተር ቱቦውን ወደ ራሱ ይጐትተዋል፤ በውስጡም ውጥረት ይዞ ይቀራል። በጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስንጥቅ የመጣው ከዚህ ነው።

አፉን ለመቍረጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ወረቀት፥ ማስመሪያና እርሳስ ይበቃል። ወጣቱ ሁለተኛውን ሻንሲ በሠራ ጊዜ ወረቀቱን ያዘጋጀሁለት እኔ ነበርሁ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

ለስሌት እንዲመች፥ 30 ሚሊሜትር የሆነ ተሻጋሪ ቱቦ 30 ሚሊሜትር በሆነ ዋና ቱቦ ላይ በ90 ዲግሪ ይገጥማል እንበል። በሻንሲው ግርጌ ግራና ቀኙን የሚያያይዘው ቱቦ እንዲህ ያለ ነው።

ሀ/ የተሻጋሪው ቱቦ ዙሪያ 94.2 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ርዝመት አንድ ወረቀት ይቈረጥና በ12 እኵል ክፍል ይከፈል፤ እያንዳንዱ ክፍል 7.85 ሚሊሜትር ይሆናል። በየክፍሉ ላይ ቀጥ ያለ መሥመር ይሰመር።

ለ/ ከወረቀቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ በመጀመሪያው መሥመር ላይ 15 ሚሊሜትር፥ በሁለተኛው 13፥ በሦስተኛው 7.5፥ በአራተኛው ምንም፥ በአምስተኛው 7.5፥ በስድስተኛው 13፥ በሰባተኛው እንደገና 15 ይለካ። የቀረው ግማሽም በዚሁ አኳኋን ይደገም።

ሐ/ ነጥቦቹ በለስላሳ መሥመር ይያያዙ። ሁለት ኮረብታና ሁለት ሸለቆ የመሰለ ቅርጽ ይወጣል። ወረቀቱ በመሥመሩ ላይ በመቀስ ይቈረጥና ጠርዙ ከቱቦው ጫፍ ጋር ተስተካክሎ ዙሪያውን ይጠቅለል፤ ቅርጹም በብረቱ ላይ በሹል ነገር ይጫር።

መ/ በብረት መጋዝ ወይም በግራይንደር ከመሥመሩ ጥቂት አስቀርቶ ይቈረጥ፤ የቀረው በግማሽ ክብ ሞረድ ይጨረስ። ወረቀቱ የሚያሳየው የውጭውን ጠርዝ ስለ ሆነ፥ በሁለቱ ረዣዥም ጫፎች ላይ የውስጡ ከንፈር አስቀድሞ ዋናውን ቱቦ ይነካል፤ ስለዚህ ከንፈሩ በሞረድ ወደ ውስጥ ይዛነፍ።

ሠ/ ቱቦው በቦታው ተቀምጦ ከኋላው መብራት ይያዝ። ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ሥራው አላለቀም። ዋናው ቱቦ በኖራ ጠመኔ ተቀብቶ አፉ ቢታሽበት፥ ነጩ የያዘው ቦታ የሚሞረደውን ያመለክታል።

ሁለቱ ቱቦዎች በዲያሜትር የማይተካከሉ ወይም በሰያፍ የሚገጥሙ እንደ ሆነ፥ ከላይ የተባሉት ቍጥሮች አይሠሩም። በዚያን ጊዜ መጋጠሚያው በሙሉ ልኩ በወረቀት ላይ ይሣልና፥ 12ቱ መሥመሮች ከሥዕሉ ላይ አንድ በአንድ በማስመሪያ ይወሰዱ። ብዙ መጋጠሚያ የሚሠራ ጋራዥ ደግሞ ዲያሜትሩ ከዋናው ቱቦ ጋር የተካከለ ክብ መጋዝ በመሰርሰሪያ ላይ ገጥሞ ቢሠራ ጊዜ ያተርፋል። ቢሆንም የመጨረሻው ዳኛ ሞረዱና መብራቱ ናቸው።

7. ስለ ማሰሪያውና ስለ መሪው አንገት

ቱቦዎቹ ተቈርጠው ካለቁ በኋላ በዐይን ግምት አይያያዙም። የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ወይም ከወፍራም ብረት የተሠራ ማሰሪያ ይዘጋጃል። የመሪው አንገት፥ የሞተሩ መያዣ ቡሎኖችና የኋላው ጎማ ዘንግ በዚህ ላይ እንዳይነቃነቁ ይታሰራሉ። ቱቦዎቹ የሚገጠሙት ከእነዚህ በኋላ ነው። ቱቦ ለነጥቦቹ ይገዛል እንጂ ነጥቦቹ ለቱቦ አይገዙም።

በተለይ የመሪው አንገት ሰያፍነት ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመሪው ዘንግ መሥመር ወደ ታች ቢቀጥል መሬትን የሚነካው፥ ጎማው መሬትን ከሚነካበት ነጥብ ቀድሞ ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት፥ ባለሞያዎች ትሬይል የሚሉት፥ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው ነው። የፊት ጎማው ራዲየስ 310 ሚሊሜትር፥ ፎርኬላው ከመሪው ዘንግ ወደ ፊት የሚርቀው 50 ሚሊሜትር፥ የአንገቱም ሰያፍነት 27 ዲግሪ ቢሆን፥ ይህ ርቀት 102 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ብየዳው አንገቱን ጐትቶ ሰያፍነቱን 25 ዲግሪ ቢያደርገው ግን ርቀቱ ወደ 89 ሚሊሜትር ይወርዳል። ሁለት ዲግሪ በዐይን አይታይም፤ ነጂው ግን በፍጥነት ሲሄድ መሪው ሲቀልበት ያውቀዋል።

8. ስለ ብየዳው

በመጀመሪያ በመጋጠሚያው ዙሪያ ዝገት፥ ቀለምና ዘይት እስከ ጥሩ ብረት ድረስ ይጠረግ። ቱቦዎቹ በአራት ትይዩ ቦታዎች ላይ በትንንሽ ነጠብጣብ ይያዙ። ሻንሲው በሙሉ በነጠብጣብ ተይዞ ልኩ እንደገና ሳይመረመር አንድም መጋጠሚያ እስከ መጨረሻ አይበየድ። ከዚያም ከአንዱ ወገን ጥቂት፥ ከተቃራኒው ወገን ጥቂት እያደረጉ መበየድ ነው፤ ይህን ያላደረገ ሰው ብረቱ ወደ አንድ ወገን ሲጐተትበት ያገኘዋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው በዚህ ሥራ ላይ በቀጥታ ይታያል።

ለሳሳ ቱቦ ከሁሉ የሚመረጠው የአርጎን ብየዳ ነው፤ ሠራተኛው እሳቱንና የሚጨምረውን ሽቦ ለየብቻ ለመግዛት ይችላልና። ዙሪያውን የታፈነ ቱቦ ቢኖር፥ በማይጐዳ ቦታ ላይ 3 ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይበሳለት፤ ይህ ካልተደረገ በውስጡ የሞቀው አየር በመጨረሻው ነጥብ ላይ ፈንድቶ ይወጣና ብየዳውን ይበሳዋል። ክሮሞሊ የሆነ እንደ ሆነ ከተበየደ በኋላ ውሃ አይፈስበት፥ ለነፋስም አይጋለጥ፤ በድንገት የቀዘቀዘ ክሮሞሊ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናልና። ብየዳውም ለማማር ሲባል በግራይንደር አይስተካከል፤ ከእርሱ ጋር የሚጠፋው ብረት ሸክም ተሸካሚው ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ይመርመር። ቀላሉ ዘዴ መጋጠሚያውን በነጭ ጋዝ አርሶ፥ ጥቂት ቈይቶ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፥ የጠመኔ ዱቄት መነስነስ ነው። ስንጥቅ ቢኖር በውስጡ የቀረው ጋዝ ወደ ዱቄቱ ይወጣና ጥቍር መሥመር ሆኖ ይታያል። እንዲህ ተመርምሮ የተጨረሰም ቢሆን፥ በሕዝብ መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለሚመለከተው የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ቀርቦ ስለ ሻንሲ ቍጥሩና ስለ ፈቃዱ መጠየቅ የሠሪውም የባለቤቱም ግዴታ ነው።

9. ለነጋዴው የሚሆን የማዘዣ ምሳሌ

እንግዲህ ወደ ሞያችን ወደ ጽሕፈቱ እንመለስ። የሻንሲ ቱቦ ሲታዘዝ በደብዳቤው ላይ የሚከተሉት ሁሉ ይጻፉ፦

1ኛ/ የብረቱ ዐይነትና የደረጃው ቍጥር፤
2ኛ/ የውጭ ዲያሜትር በሚሊሜትር፥ «የውጭ» የሚለው ቃል ሳይቀር፤
3ኛ/ የግድግዳ ውፍረት በሚሊሜትር፤
4ኛ/ ስፌት የሌለው ወይም ከተበየደ በኋላ እንደገና የተሳበ መሆኑ፤
5ኛ/ ዚንክ ያልተቀባ፥ ከዝገት በዘይት ብቻ የተጠበቀ መሆኑ፤
6ኛ/ የእያንዳንዱ ርዝመትና ብዛቱ፤
7ኛ/ የፋብሪካው የምርመራ ምስክር ወረቀት አብሮ እንዲላክ፤
8ኛ/ ዕቃው ለሞተር ሳይክል ሻንሲ የሚውል መሆኑ።

የመጨረሻው ተራ ትርፍ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ላኪው በቍጥር ላይ ስሕተት ቢያይ ሊጠይቀን የሚችለው ዕቃው ለምን እንደሚሆን ያወቀ እንደ ሆነ ነው። እኔ ይህን አንድ መሥመር በ2009 ዓ.ም. ጽፌ ቢሆን ኖሮ፥ የውሃ ቧንቧ ከመላኩ በፊት ምናልባት አንድ የጥያቄ ደብዳቤ ይደርሰኝ ነበር።

ዕቃው ሲደርስም በካሊፐር ብቻ ሳይሆን በሚዛን ይመርመር። ከውጭ ዲያሜትሩ ላይ ውፍረቱን ቀንሶ፥ የቀረውን በውፍረቱ አባዝቶ፥ የተገኘውን ደግሞ በ0.02466 ሲያባዙት፥ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎግራም ይገኛል። በዚህ መሠረት 25.4 በ2 የሆነ የ6 ሜትር ቱቦ 6.9 ኪሎግራም ያህል መመዘን ይገባዋል። ሚዛኑ 5.6 ቢያሳይ፥ የመጣው 2 ሚሊሜትር ሳይሆን 1.6 ሚሊሜትር ነው። ሚዛን ያለው ሱቅ ሁሉ ይህን ለማድረግ ይችላል።

ወጣቱ ሁለተኛውን ሻንሲ የሠራው ከላይ በተጻፈው ሁኔታ በታዘዘ ቱቦ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ደንበኛውን ይዞ ወደ መደብራችን መጣ። ሰውየው የማይታጠፍ እግሩን በመርገጫው ላይ ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። አሠሪዬ ወጥተው ተመለከቱና፥ ከመሪው አንገት በታች ያለውን መጋጠሚያ በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፥ «ይህን የመሰለ ማዘዣ ቅጂው ይቀመጥ» አሉኝ። ቅጂው ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ የምጽፋቸው የቱቦ ማዘዣዎች ሁሉ የሚገለበጡት ከእርሱ ነው።